በሬዲዮ ለሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖች አስተማማኝ ሰርቮ እንዴት ይመረጣል?

ዳንግላ፤ በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ለሳይንስ ክበብ ወይም ለሥልጠና ኮሌጅ ሲገዛ የጠያቂው ክፍል ትኩረት በአብዛኛው የሚያርፈው በአውሮፕላኑ አካል፣ በሞተሩና በሬዲዮ መቆጣጠሪያው ላይ ነው። በዝርዝሩ ግርጌ «ሰርቮ፣ ብዛት 4» ተብላ በአንድ መስመር የምትታለፈው ትንሽ ዕቃ ግን አውሮፕላኑ በሰላም ወርዶ ለነገ መብቃቱን፣ ወይም በመጀመሪያው ቀን ተሰባብሮ መቅረቱን ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ቀዳሚዋ ነች።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሥልጠና ተቋም ግቢ በተካሄደ ሠርቶ ማሳያ ላይ ተገኝቶ ነበር። ሠልጣኞች ወራት ወስደው የሠሩት አውሮፕላን አንድ ደቂቃ እንኳ በአየር ላይ ሳይቆይ አፍንጫውን ደፍቶ ከተመልካቾች 20 እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ወደቀ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። በዕለቱ የተያዘው ቃለ ጉባኤ የአደጋውን ምክንያት «የአብራሪ ስህተት» ሲል መዝግቦታል። በማግሥቱ ግን ከሠልጣኞቹ አንዱ የጭራውን ሰርቮ ፈትቶ ሲያሳይ ከውስጡ ሁለት ጥርሶቹ የረገፉ የፕላስቲክ ማርሽ ወጣ። ሰርቮው የተገዛው ከቀረቡት ፕሮፎርማዎች መካከል ዝቅተኛውን ዋጋ ካቀረበው ነጋዴ ነበር። ቃለ ጉባኤው አልተስተካከለም።

ሰርቮ የአውሮፕላኑን ተንቀሳቃሽ የክንፍና የጭራ ክፍሎች የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው። በአንዲት የክብሪት ሳጥን መጠን ባለው ሽፋን ውስጥ አነስተኛ ሞተር፣ የሞተሩን ፍጥነት ቀንሶ ጉልበቱን የሚያበዛ የማርሽ ድርድር፣ ክንዱ የደረሰበትን ቦታ የሚለካ ፖቴንሽዮሜትርና እነዚህን የሚያገናኝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይገኛሉ። አብራሪው መቆጣጠሪያውን ሲነካ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ተቀባይ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ወደ ሰርቮው ይልካል። የምቱ ርዝመት 1.5 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ክንዱ መሐል ላይ ይቆማል፤ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ሲያጥር ወደ አንዱ ጎን፣ ወደ 2 ሚሊ ሰከንድ ሲረዝም ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ሰሌዳው የታዘዘውንና ፖቴንሽዮሜትሩ የለካውን ቦታ ያለማቋረጥ እያነጻጸረ ልዩነት እስካለ ድረስ ሞተሩን ያዞራል። ነፋስ ክፍሉን ሊገፋው ቢሞክርም ሰርቮው ታግሎ በታዘዘበት ቦታ ያቆየዋል።

ከዚህ አሠራር መረዳት እንደሚቻለው ሰርቮ በበረራ ላይ እያለ እረፍት የለውም። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲበር እንኳ በውስጡ ያለው ሞተር በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል ሳይሆን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንቅስቃሴዎች ከተደረጉ በኋላም በትክክል ይሠራል ወይ የሚል መሆን ይኖርበታል።

በሽያጭ ወረቀት ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ቁጥር የማዞር ጉልበት ሲሆን የሚለካውም በኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ነው። በስፋት የሚታወቀውና 9 ግራም የሚመዝነው ኤስጂ90 የተባለው ሰርቮ በ4.8 ቮልት 1.8 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ጉልበት እንዳለው አምራቹ ይገልጻል። ይህም ማለት ከመሐል ዘንጉ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የተንጠለጠለ 1.8 ኪሎ ግራም ክብደትን ያቆማል ማለት ነው፤ ርቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አቅሙ ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ይወርዳል። 37 ግራም የሚመዝነው የጃፓኑ ፉታባ ኤስ3003 በተመሳሳይ ቮልት 3.2፣ በ6 ቮልት ደግሞ 4.1 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር እንዳለው ተጽፏል። ክብደቱ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ለሆነ ቀላል የመለማመጃ አውሮፕላን የመጀመሪያው ዓይነት መጠን ይበቃል። ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ግን የሁለተኛው ዓይነት ተመራጭ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዥዎች የሚስቱት ጉዳይ አለ። በወረቀቱ ላይ የሠፈረው ቁጥር ሰርቮው ከመቆሙ በፊት የሚያወጣው የመጨረሻ ጉልበት እንጂ ሳይደክም ሊሠራበት የሚችለው አይደለም። በሬ የሚጠመደው በሚጎትተው የመጨረሻ ሸክም ልክ አይደለምና፣ ሰርቮም ከተጻፈለት ጉልበት ከግማሽ በታች እንዲሠራ ሆኖ ቢመረጥ ይመከራል።

ጉልበት በገንዘብ ብቻ የሚገዛ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። የሰርቮው ክንድ ላይ ሽቦው የሚገባባቸው በርካታ ቀዳዳዎች አሉ። ወደ ዘንጉ የቀረበውን ቀዳዳ፣ በተንቀሳቃሹ ክፍል ላይ ደግሞ የራቀውን ቀዳዳ መጠቀም እንቅስቃሴውን እያሳነሰ ጉልበቱንና ትክክለኛነቱን ይጨምራል። ብዙ ጀማሪዎች እንቅስቃሴ እንዲበዛላቸው ሽቦውን ከክንዱ ጫፍ ላይ ካሠሩ በኋላ መጠኑን በመቆጣጠሪያው ቅንብር መልሰው ይቀንሳሉ። ይህም ከተከፈለበት ጉልበት ከፊሉን እንደ መጣል ይቆጠራል።

የማርሹ ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የናይለን ማርሽ ቀላልና ርካሽ ነው፤ አዲስ ሳለም በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት አነስተኛ ነው። ድክመቱ የሚታየው አውሮፕላኑ በኃይል ሲያርፍ ወይም ተንቀሳቃሹ ክፍል ሣር ሲመታ ነው፤ ጥርስ ይረግፋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጥርሱ ከረገፈ በኋላም ሰርቮው በጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ደኅና መስሎ መታየቱ ነው። የረገፈው ጥርስ ያለበት ቦታ እስኪደርስ ድረስ ይዞራል፣ ጭነት ሲበዛበት ግን ይዘላል። ከላይ በተጠቀሰው ሠርቶ ማሳያ የሆነውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ አውሮፕላኑ በዋዜማው በሙከራ ላይ ክፉኛ አርፎ እንደነበር ሠልጣኞቹ ተናግረዋል።

የብረት ማርሽ ይህን ድንጋጤ ይቋቋማል። ይሁን እንጂ ከበርካታ ሰዓታት በረራ በኋላ ጥርሶቹ እየተበሉ ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ ሲሰፋ በፍጥነት የሚበር አውሮፕላን ተንቀሳቃሽ ክፍል መርገፍገፍ ይጀምራል፤ መርገፍገፉም በሰከንዶች ውስጥ ማጠፊያውን ሊገነጥል ይችላል። ስለሆነም የብረት ማርሽ የተገጠመለት ሰርቮ ምርመራ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ክንዱን በጣት ይዞ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ማለት ክፍተቱን ለመገመት ይበቃል፤ የሚቆረቁር ወይም የሚንኳኳ ስሜት ካለው ሊቀየር ይገባል። ዘንጉ በኩሽኔታ የተያዘ ሰርቮም በፕላስቲክ ቀዳዳ ብቻ ከተያዘው ይልቅ ለረጅም ጊዜ ሳይላላ ያገለግላል።

ይህ ሁሉ ለዳንግላና ለአካባቢው ተጨማሪ ትርጉም አለው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የዞኑ ርዕሰ ከተማ እንጅባራ ደግሞ ከዚህም ከፍ ትላለች። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን በዳንግላ ከፍታ ግን ወደ 1 ኪሎ ግራም ዝቅ ይላል። አየሩ በ19 በመቶ ገደማ በመሳሳቱ አንድ አውሮፕላን ራሱን ተሸክሞ ለመቆየት በባሕር ዳርቻ ከሚያስፈልገው ፍጥነት በ11 በመቶ ገደማ የበለጠ መፍጠን ይኖርበታል። ሲያርፍም በዚያው ፍጥነት ስለሚያርፍ መሬት የሚመታበት ጉልበት ከ20 በመቶ በላይ ይጨምራል። በሌሎች አገሮች ቆላማ ሥፍራ ለተጻፈ መመሪያ የናይለን ማርሽ የሚበቃ ቢሆንም፣ በአዊ ከፍታ ግን ቢያንስ ለጭራውና ለማረፊያው ጎማ መሪ የብረት ማርሽ መጠየቅ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይሆንም። የሣሣው አየር ሞተርንና የቮልት ማስተካከያን የማቀዝቀዝ አቅሙም ያነሰ ነው።

የዝናቡ መጠን ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። በዳንግላ ዙሪያ በዓመት ከ1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛውም የሚዘንበው በክረምቱ ወራት ነው። እርጥበት ወደ ሰርቮው ውስጥ ሲገባ የፖቴንሽዮሜትሩን ገጽ ያበላሻል፤ በዚህም ምክንያት ክንዱ ያለ ትእዛዝ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ክረምቱን በንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ ያሳለፈ ሰርቮ መስከረም ላይ ሲወጣ እንደ አዲስ መፈተሽ አለበት።

በቮልት ረገድ የሚፈጸም ስህተት በቶሎ የሚታይ ነው። የተለመዱት ሰርቮዎች ከ4.8 እስከ 6 ቮልት የሚሠሩ ሲሆን ከፍተኛ ቮልት የሚባሉት ግን ሙሉ በሙሉ ሲሞላ 8.4 ቮልት ከሚደርስ ባለ ሁለት ሕዋስ የሊቲየም ባትሪ ጋር በቀጥታ ሊገናኙ ይችላሉ። የመጀመሪያውን ዓይነት ከእንዲህ ዓይነቱ ባትሪ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ማቃጠል ነው።

ከዚህ ይልቅ ተሰውሮ የሚጎዳው የኃይል ማነስ ነው። አንድ ባለ 9 ግራም ሰርቮ ጭነት በዝቶበት ሲቆም ከግማሽ አምፔር በላይ ይስባል። አራቱ በአንድ ጊዜ ቢጨናነቁ ከ2 አምፔር በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። 55 ግራም የሚመዝነው ኤምጂ996አር የተባለው ደግሞ ብቻውን በ6 ቮልት እስከ 2.5 አምፔር ሊስብ ስለሚችል አራቱ 10 አምፔር ይደርሳሉ። ኃይሉን የሚያቀርበው ማስተካከያ ይህን ካልቻለ ቮልቱ ይወርዳል፤ ተቀባዩም ለቅጽበት ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። አብራሪው በዚያች ቅጽበት አውሮፕላኑን የሚመራበት መንገድ የለውም። መሬት ላይ ሲታይ ሁሉም ነገር ደኅና ስለሚሆን ጥፋቱ በሬዲዮው ወይም በአብራሪው ይላከካል። ዲጂታል የሚባሉት ሰርቮዎች ሞተራቸውን በሰከንድ 300 ጊዜ ገደማ ስለሚያርሙ ከተለመዱት ይልቅ ቦታቸውን በጥብቅ ይይዛሉ፤ የሚስቡት ኃይልም የዚያኑ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ «ዲጂታል ይሁን» ብሎ የጻፈ ኮሚቴ ማስተካከያውንም አብሮ ማሰብ ይጠበቅበታል።

የአንድ አውሮፕላን ሰርቮዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። የአንደኛው ክንፍ ሰርቮ ቢቆም አብራሪው በሌላኛውና በመሪው ታግዞ ሊያሳርፍ ይችል ይሆናል። አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው የጭራ ሰርቮ ቢቆም ግን የማምለጥ ዕድሉ ጠባብ ነው። ትልልቅ ሞዴሎችን የሚሠሩ ሰዎች የጭራውን ክፍል ለሁለት ከፍለው ለእያንዳንዱ የራሱን ሰርቮ የሚሰጡት ለዚህ ነው። በአንድ ነገር ላይ ብቻ መንጠልጠል የሚያስከትለውን አገራችን በመሪር ሐዘን አውቃዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር 157 ሰዎችን ይዞ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አፍንጫውን በተደጋጋሚ እንዲደፋ ያደረገው ሥርዓት የተመረኮዘው በአንድ ዳሳሽ የተሳሳተ መረጃ ላይ እንደነበር ምርመራው አሳይቷል። የሞዴል አውሮፕላን ነገር ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የምሕንድስናው መርሕ ግን ያው ነው። በጀት ውስን ከሆነ የተሻለው ሰርቮ ለጭራው ይሁን።

ወደ ግዥው ስንመለስ፣ የመሥሪያ ቤቶች ችግር ገንዘብ ከማጣት ይልቅ የቴክኒክ መግለጫን በወጉ ካለመጻፍ የሚመነጭ ሆኖ ይታያል። «ሰርቮ፣ 9 ግራም» ተብሎ የተጠየቀ እንደሆነ ነጋዴው 9 ግራም የሚመዝን ማናቸውንም ዕቃ ቢያቀርብ ጥፋተኛ ሊባል አይችልም፤ ኮሚቴውም ዝቅተኛውን ዋጋ ከመምረጥ ሌላ አማራጭ አይኖረውም። ባለ 9 ግራም የፕላስቲክ ሰርቮ በውጭ ገበያ ከ5 ዶላር በታች ይገኛል፤ በታወቀ አምራች የተሠራ፣ የብረት ማርሽና ኩሽኔታ ያለው አነስተኛ ዲጂታል ሰርቮ ግን ብዙ ጊዜ ከ30 ዶላር በላይ ነው። በመግለጫው ላይ የሚሠራበት ቮልት፣ በዚያ ቮልት የሚያወጣው ጉልበት፣ የማርሹ ዓይነት፣ የኩሽኔታ መኖርና፣ ከሁሉም በላይ፣ «ርክክቡ የሚፈጸመው እያንዳንዱ ሰርቮ ተፈትኖ ካለፈ በኋላ ነው» የሚል ሐረግ ቢሠፍር ርካሹና አስተማማኙ በአንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም።

የስም ጉዳይም ያሳስታል። ስመ ጥር አምራቾች የሚያወጧቸው ሰርቮዎች አስመስለው የሚሠሩባቸው በመሆኑ በሽፋኑ ላይ የተለጠፈው ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማርሹ የብረት የሆነው ኤምጂ90ኤስ 13.4 ግራም እንደሚመዝን በወረቀቱ ተገልጿል። ይህ ስም ተጽፎበት 10 ግራም ብቻ የሚመዝን ከሆነ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያሻም፤ የትኛውም ወርቅ ቤት ያለው ሚዛን ልዩነቱን ይለያል። ከሥር ያሉትን አራት ብሎኖች ፈትቶ ማርሾቹን መመልከትም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። አንዳንዴ ሦስቱ ማርሾች ብረት ሆነው አንዱ ፕላስቲክ ሆኖ ይገኛል።

ፈተናው በጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ ነው። ሰርቮው ከመፈተኛ መሣሪያ ወይም ከተቀባይ ጋር ተገናኝቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከዳር እስከ ዳር እንዲመላለስ ይደረጋል። ድምፁ የሚቆራረጥ፣ የሚያንቋቋ ወይም ሽፋኑ እጅ እስከማያስነካ የሚግል ከሆነ ይመለሳል። ቀጥሎ ክንዱ መሐል ላይ ሲቆም በእርሳስ ምልክት ይደረግና ከግራም ከቀኝም ሲመለስ በዚያው ምልክት ላይ መቆሙ ይታያል። ከግራ ሲመጣ አንድ ቦታ፣ ከቀኝ ሲመጣ ሌላ ቦታ የሚቆም ሰርቮ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ ማብረር አይችልም። ለጉልበት ፈተናው ደግሞ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ ይበቃል፤ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ነውና። ከዘንጉ 1 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሚገኘው ቀዳዳ ላይ ሲንጠለጠል 1.8 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር የተጻፈለት ሰርቮ ሳይንገዳገድ ሊያነሳውና ይዞት ሊቆይ ይገባል። ከአሥሩ አንዱን ፈትኖ ሌሎቹን ማሳለፍ ለወረቀትና ለእስክሪብቶ የሚበቃ አሠራር ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ግን እያንዳንዱ መፈተን አለበት። በተግባር የሚታየው ሰርቮዎቹ በሞዴል 19 ገቢ ሆነው ሳጥናቸው ሳይከፈት እስከ ሠርቶ ማሳያው ዋዜማ መቀመጣቸው ነው።

ፈተናው በክፍል ውስጥ መከናወኑ ሌላም ጥቅም አለው። በኢትዮጵያ ድሮንና መሰል በራሪ መሣሪያዎችን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ግዥው ከመጀመሩ በፊት ይህን ማጣራት የጠያቂው መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ነው፤ አለበለዚያ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ሊቀር ይችላል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በታየው የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ የአካባቢው የጸጥታ አካላት ሳያውቁ ማናቸውንም በራሪ ነገር ወደ ሰማይ መላክ ለተማሪዎችም ለተመልካችም አደገኛ ነው። ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ ግን አንድ የሳይንስ ክበብ ሰርቮዎችን መመዘን፣ መፈተን፣ ፈትቶ መመልከትና ውጤቱን መመዝገብ ይችላል። ተማሪው ስለ ማርሽ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ ቁጥጥር ሥርዓት ሊማር የሚገባው አብዛኛው ነገር ያለው በዚሁ ሥራ ውስጥ ነው። ለካርታ ሥራ የሚያገለግሉ ባለ ክንፍ ድሮኖችም የሚመሩት በሰርቮ በመሆኑ ዕውቀቱ ከክበብ ጨዋታ ያለፈ አገልግሎት አለው።

ፈተናውን ያለፈ ሰርቮ በጎኑ ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይሰጠውና የተገጠመበት ቀንና የተገጠመበት ቦታ በመዝገብ ይያዛል። ከእያንዳንዱ ከባድ ማረፊያ በኋላ ማርሹ በጣት ይፈተሻል፤ አውሮፕላኑ ወድቆ ከነበረ ደግሞ የጭራው ሰርቮ ደኅና ቢመስልም ተነሥቶ ለጠረጴዛ ማስተማሪያነት ይተላለፋል፤ ወደ አየር አይመለስም።